ወባ የፈተናቸው ሐሳቦች

(የመግቢያ ሙዚቃ ይሰማና ዝቅ ይላል)

  

«ሳይንስ አረጋግጧል» ሲባል እንሰማለን። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «አዲስ ጥናት የቀድሞውን ውድቅ አደረገው» ይባላል። በዚህ ግራ የሚጋባ ሰው ብዙ ነው። «ትናንት ልክ ነው ያሉትን ዛሬ ስሕተት ነው ካሉ፣ የነገውን በምን አምናለሁ?» ይላል። እውነቱን ነው፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። የዛሬው ዝግጅታችንም በዚሁ ላይ ነው፤ አንድ ሳይንሳዊ ንድፈ ሐሳብ እንዴት ይፈተናል? ማን ይፈርድበታል? ወደቀ የሚባለውስ መቼ ነው?

ለዚህ ሩቅ አንሄድም፤ ወባን እንይዛለን። ለቆላ ሰው ወባን በሬዲዮ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ብርድ ብርድ ማለቱን፣ ማንቀጥቀጡን፣ ላቡን፣ መገጣጠሚያ መቆረጣጠሙን ያልቀመሰ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ብዙ ያልተነገረው ግን ይህ በሽታ ስንት የተከበሩ ሐሳቦችን እንደጣለ ነው። በነገራችን ላይ፣ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ግን ምን ዓይነት ሐሳብ ሊፈተን እንደሚችል እንይ።

እዚህ በአካባቢያችን፣ በሸርቆሌና በዙሪያዋ፣ በባህላዊ መንገድ ወርቅ ማውጣት የቆየ ሥራ ነው። ሁለት ሰዎች ስለ ወርቅ ተከራከሩ እንበል። አንደኛው «ወንዙ ከሚታጠፍበት በታች፣ ጠጠሩ ሥር ወርቅ አለ። ቆፍራችሁ፣ አፈሩን በገበቴ አጥባችሁ እስከ ማታ አንዲት ቅንጣት ካጣችሁ ተሳስቻለሁ» አለ። ሁለተኛው ደግሞ «እዚህ ወርቅ አለ፤ ግን የሚታየው ልቡ ለቀና ሰው ብቻ ነው» አለ። ወርቅ ከተገኘ ሁለቱም «ብዬ ነበር» ይላሉ። ካልተገኘ ግን መንገዳቸው ይለያያል። የመጀመሪያው ተሸነፈ። ሁለተኛው «ልባችሁ ባይቀና ነው» ብሎ ያልፋል። ነገም ቢቆፈር፣ ከነገ ወዲያም ቢቆፈር ይህ ሰው አይሸነፍም።

በጨዋታ መሀል የማይሸነፍ ሰው ጎበዝ ይባላል። በሳይንስ ግን ምንም ቢመጣ የማይሸነፍ ሐሳብ ዋጋ የለውም፤ ስለ ዓለም የነገረን ነገር የለምና። የመጀመሪያው ሰው ቢሳሳት እንኳ ማታ ላይ አንድ ነገር አውቀን እንገባለን። ቢያንስ እዚያ ቦታ ወርቅ እንደሌለ እናውቃለን።

ይህን ነገር አጥብቆ የተናገረው በ1902 በቪየና የተወለደው ፈላስፋ ካርል ፖፐር ነው። በ1934 ባሳተመው መጽሐፉ ያነሣው ነጥብ በአጭሩ ይህ ነው። ደጋፊ ማስረጃ መሰብሰብ ቀላል ነው፤ ለፈለጉት ሐሳብ ሁሉ ይገኛል። ከባዱ ጥያቄ «ይህ ሐሳብ ልክ ከሆነ ፈጽሞ መታየት የሌለበት ነገር ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ሳይንሳዊ ሐሳብ የሚከለክለው ነገር አለው። የከለከለው ነገር በዓይን ከታየ ሐሳቡ ችግር ላይ ወድቋል ማለት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ወባ እንመለስ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አንድ የተማረ የአውሮፓ ሐኪም «ወባ ከምን ይመጣል?» ቢባል መልሱ ከአፉ አይጠፋም ነበር፤ ከረግረግ ከሚነሣ መጥፎ አየር። ይህን ሐሳብ እንደ ተራ ወሬ እንዳትንቁት። ማስረጃ ነበረው። ረግረግ ባለበት ወባ ይበዛል። ረግረጉ ሲደርቅ ወባው ይቀንሳል። ደጅ ያደረ ሰው፣ በሩን ዘግቶ ከተኛው ይበልጥ ይታመማል። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ሐኪሞች ይህን ለዘመናት አይተዋል፤ ያዩትም ልክ ነበር።

ችግሩ ምንድን ነው? ይህ ሁሉ ማስረጃ ለትንኝም ይሠራል። ትንኝ የምትራባው በታቆረ ውሃ ነው፤ ውሃው ሲደርቅ ትጠፋለች። የወባዋ ትንኝ በብዛት የምትናከሰው ከማታ እስከ ንጋት ነው። ብርድም አይስማማትም። ስለዚህ ሺህ ረግረግ ብናደርቅና ሺህ ጊዜ ወባ ቢቀንስ «ምክንያቱ አየር ነው» የሚለውን «ምክንያቱ ትንኝ ናት» ከሚለው መለየት አንችልም። ማስረጃው ቢበዛም ፈተናው ቀላል ነበር።

እርግጥ አዳዲስ ነገሮች እየታዩ ነበር። በ1880 ፈረንሳዊው ሐኪም አልፎንስ ላቬራን አልጄሪያ ውስጥ በወባ ታማሚ ደም ላይ ጥገኛ ተሕዋሲ በማይክሮስኮፕ አየ። በነሐሴ ወር 1897 ደግሞ ሐኪሙ ሮናልድ ሮስ ሕንድ ውስጥ ይኸው ተሕዋሲ በትንኝ ሆድ ግድግዳ ላይ ሲያድግ አገኘ። ይህ ትልቅ ግኝት ነበር። ቢሆንም ተከራካሪ «ተሕዋሲው ትንኟ ውስጥ ይኑር፤ ግን ወደ ሰው የሚገባው በአየርና በውሃ ቢሆንስ?» ማለት ይችል ነበር። ብለውታልም።

በ1900 ሰር ፓትሪክ ማንሰን የተባለ በለንደን የሚሠራ ሐኪም ክርክሩን የሚቆርጥ ፈተና አዘጋጀ። ብልሃቱ ሁለቱ ሐሳቦች የሚለያዩበትን ነጥብ መፈለጉ ነበር። መጥፎውን አየር እየተነፈሰ በትንኝ ያልተነከሰ ሰው ምን ይሆናል? በትንኝ ተነክሶ መጥፎውን አየር ያልተነፈሰስ? በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ የአየሩ ሐሳብ «ይታመማል» ይላል፤ የትንኟ ሐሳብ «አይታመምም» ይላል። በሁለተኛው ላይ መልሳቸው ይገላበጣል። ከዚህ በኋላ ሁለቱም ልክ ነኝ ማለት አይችሉም።

ለመጀመሪያው ጥያቄ በሮም አጠገብ በኦስቲያ ረግረግ ውስጥ የእንጨት ቤት ተሠራ። አካባቢው በወባ የታወቀ ነው። በሩና መስኮቱ ትንኝ በማታልፈው ወንፊት ተጋረደ፤ አየሩ ግን እንደ ልብ ይገባል። ሳምቦንና ሎው የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ከረዳቶቻቸው ጋር የወባው ወቅት እስኪያልፍ እዚያ ተቀመጡ። ቀን ቀን ወጥተው ይንቀሳቀሳሉ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይገባሉ፤ ፀሐይ ሳትወጣ አይወጡም። ሌሊቱን ሙሉ የረግረጉን አየር ይተነፍሳሉ። የወባ መድኃኒት የነበረውን ኪኒን አልወሰዱም። በዙሪያቸው ያለው ሰው በትኩሳት ሲወድቅ እነሱን ወባ አልነካቸውም።

ለሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ሮም ውስጥ የወባ ታማሚ ደም የጠጡ ትንኞች ወደ ለንደን ተላኩ። ለንደን ያን ጊዜ ወባ አያሰጋትም። እጁን ለትንኞቹ የሰጠው የማንሰን የገዛ ልጅ፣ የሕክምና ተማሪው ነበር። ወጣቱ ታመመ፤ ደሙ ሲታይም የወባ ተሕዋሲ ተገኘበት። ኪኒን ወስዶ ዳነ።

አየሩ ብቻውን አላሳመመም። ትንኟ ከረግረጉ ርቃ፣ ከአየሩ ተለይታ አሳመመች። አድማጮቼ፣ ለዘመናት የቆመ ሐሳብ የወደቀው እንዲህ ነው። የጣለው የማስረጃ ብዛት አይደለም፤ ሊጥለው በሚችል ቦታ ላይ መፈተኑ ነው።

«በኦስቲያ የነበሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ዕድላቸው ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። ይህም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለዚህ ነው ሳይንስ አንድ ፈተና አይበቃኝም የሚለው። በዚያው ዘመን ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ግራሲ በደቡብ ጣሊያን በካፓቾ ሜዳ በብዙ ሰው ላይ ሞከረው። ከማታ እስከ ንጋት ከትንኝ ንክሻ ከተጠበቁት 112 ሰዎች የታመሙት 5 ብቻ ነበሩ። ያልተጠበቁት 415 ሰዎች ግን በሙሉ በወባ ተያዙ። ታዲያ አምስቱ ለምን ታመሙ? ይህን ጥያቄ መሸፋፈን አይገባም። ወንፊት ሊቀደድ፣ ሰው ከመሸ ሊወጣ ይችላል፤ አጎበር ሥር የሚተኛ ሁሉ ይህን ያውቃል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ምክንያት በተራው የሚጣራ መሆን አለበት። እዚህ ነጥብ ላይ ቆየት ብለን እንመለሳለን።

(አጭር ሙዚቃ)

አንድ ንድፈ ሐሳብ አንድ ከባድ ፈተና አለፈ ማለት ከእሱ ጋር የሚነገረው ነገር ሁሉ አለፈ ማለት አይደለም። የኢትዮጵያን ታሪክ እንይ።

በአገራችን ወባ የቆላ በሽታ መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው። «ቆላ ወርዶ ንዳድ ያዘው» ይባላል። የደጋ ሰው ቆላ ማደር ይፈራ የነበረውም በዚሁ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ድርቁን ተከትሎ ከወሎ ወደ አሶሳ እንዲሰፍሩ የተደረጉት ወገኖች ወባ ምን ያህል እንደጎዳቸው የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። እና «ወባ ከፍታ ላይ አይወጣም» የሚለው ደንብ በብዙ ዘመን ልምድ የተደገፈ ነበር።

በ1958 ግን ይህ ደንብ ክፉ ፈተና ገጠመው። በዚያ ዓመት ዝናቡ፣ ሙቀቱና እርጥበቱ ከወትሮው የተለየ ነበር። ወባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር በሚደርሱ አካባቢዎች ተነሣ። በግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፤ 150 ሺህ ያህል ሰው ሞተ። የደጋው ሕዝብ በሽታውን የሚቋቋም ልምድ በሰውነቱ አልነበረውምና ጉዳቱ የከፋ ሆነ።

እዚህ ላይ ምን ወደቀ? ትንኝ ወባን ታስተላልፋለች የሚለው አልወደቀም። የወደቀው «ከዚህ ከፍታ በላይ ስጋት የለም» የሚለው ቁርጥ ያለ ደንብ ነው። ከፍታው ራሱ ጠባቂ አልነበረም። ጠባቂው ቅዝቃዜው ነው፤ ሙቀት ሲጨምር ተሕዋሲው በትንኟ ሰውነት ውስጥ ቶሎ ይበስላል። ስለዚህ ወባ የጣለው ደንብ የተሻለ ዕውቀት ትቶ ሄደ። ዛሬ የወባን ስጋት ለመገመት ከካርታው ጋር የአየር ጠባዩ የሚታየው ለዚህ ነው።

ሌላው ታሪክ ይበልጥ ወደ ደማችን ይጠጋል። ኢትዮጵያ ውስጥ በብዛት የሚገኙት የወባ ተሕዋሲያን ሁለት ናቸው፤ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ። ፋልሲፓረም ገዳዩ ነው። ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ የሚያገረሸው ነው። በአብዛኛው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ክፍል ቫይቫክስ ብርቅ ነው። ለምን?

በ1976 ተመራማሪው ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ያደረጉት ሙከራ ግሩም መልስ ሰጠ። ፈቃደኛ የሆኑ 17 ሰዎች ቫይቫክስ በተሸከሙ ትንኞች እንዲነከሱ ተደረገ። በደማቸው ወባ ያልተገኘባቸው አምስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አምስቱም በቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ ዳፊ የሚባለው ምልክት የሌላቸው ናቸው። ዳፊ ቫይቫክስ ወደ ደም ሕዋስ የሚገባበት በር ነው ተባለ። በሩ የሌለው ሰው ቫይቫክስ አይዘውም። በአፍሪካ ዳፊ የሌለው ሕዝብ ብዙ ስለሆነ ቫይቫክስ ለምን ብርቅ እንደሆነም ተብራራ።

ይህ ሐሳብ ጥሩ ሳይንስ ነው። ምክንያቱም ምን እንደሚከለክል በግልጽ ተናግሯል፤ ዳፊ በሌለው ሰው ደም ውስጥ ቫይቫክስ ፈጽሞ መገኘት የለበትም። ለብዙ ዓመታትም የማይነቃነቅ መሰለ። በ2010 ግን ከማዳጋስካር ዳፊ የሌላቸው የቫይቫክስ ታማሚዎች እንዳሉ የሚያሳይ ጥናት ወጣ። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ወደ ኢትዮጵያም ጣሉ፤ አገራችን ዳፊ ያለውም የሌለውም ሕዝብ አብሮ የሚኖርባት፣ ሁለቱም የወባ ዓይነቶች የሚገኙባት ናትና ለዚህ ፈተና የተመቸች ናት። እዚህም ዳፊ የሌላቸው ሰዎች በቫይቫክስ ተይዘው ተገኙ።

እንግዲህ የከለከለው ነገር ታየ። ታዲያ ሐሳቡን በሙሉ እንጣለው? ዳኝነት የሚያስፈልገው እዚህ ነው። «ዳፊ የሌለው ሰው በፍጹም አይያዝም» የሚለው ወድቋል፤ እሱን ማንም መልሶ አያነሣውም። «ዳፊ ለቫይቫክስ ዋነኛ በር ነው» የሚለው ግን ቆሟል፤ ዳፊ የሌላቸው ሰዎች የሚያዙት ጥቂት ጊዜ ነው፤ በደማቸው የሚገኘው ተሕዋሲም ብዙ ጊዜ አነስተኛ ነው። አሁን ጥያቄው ሌላ ሆኗል፤ ቫይቫክስ የሚገባበት ሌላ በር የትኛው ነው? በመልሱ ላይ ዛሬም እየተሠራ ነው። ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት ደግሞ ግልጽ ነው፤ «በእኛ ዘር ይህ ወባ አይገባም» ብሎ አጎበር መተው አያዋጣም።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮች፣ እስካሁን «ትንቢቱ ካልሠመረ ሐሳቡ ይወድቃል» ስንል ቆየን። ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ቀላል አይደለም። አንድ ሕመምተኛ ይዘን ወደ ጤና ኬላ እንሂድ።

ልጅ ትኩሳት ይዞታል። እናት ታቅፋው መጣች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የልጁን ጣት በአልኮል ጠርጋ ወጋ ታደርጋለች። አንዲት ጠብታ ደም በመመርመሪያው ኪት ቀዳዳ ላይ ታኖራለች፤ በሌላው ቀዳዳ ፈሳሹን ታንጠባጥባለች። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው። በኪቱ ላይ ቀይ መስመር ይወጣል፤ አንዱ መስመር ኪቱ መሥራቱን የሚያሳይ መቆጣጠሪያ ነው። ሌላው መስመር ከወጣ ወባ አለ ማለት ነው። መቆጣጠሪያው ብቻ ወጣ።

«ወባ የለበትም፣ እናቴ» ትላለች ባለሙያዋ።

«ልጄ፣ እኔ ወባን አውቀዋለሁ። ይህ ወባ ነው» ትላለች እናት።

ማን ተሳሳተ? የእናትየው ግምት ሊሆን ይችላል፤ ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም። ሌላም ዕድል ግን አለ፤ ኪቱ ራሱ። ለብዙ ዓመታት በአገራችን ጥቅም ላይ የዋለው ኪት ፋልሲፓረምን የሚለየው ተሕዋሲው የሚያመነጨውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ፈልጎ ነው። ፕሮቲኑ ከሌለ ኪቱ «የለም» ይላል። መቆጣጠሪያው መስመርም ይወጣል፤ ኪቱ አልተበላሸምና። ይህን ፕሮቲን ማመንጨት ያቆመ ተሕዋሲ ቢኖርስ?

አለ። በ2017 እና በ2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ተካሂዶ በ2021 ታተመ። እንደ ጥናቱ ግምት፣ ይህ ኪት ተሕዋሲው ፕሮቲኑን የሚሠራበትን ጂን ስለጣለ ብቻ ከ100 የፋልሲፓረም ታማሚዎች ወደ 10 የሚጠጉትን ላያገኛቸው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ100 አምስት ከደረሰ ኪቱ ይቀየር ይላል። ኢትዮጵያም ሌላ ፕሮቲን ወደሚፈልግ ኪት ለመዞር ወስናለች።

እዚህ ያለው ትልቅ ነጥብ ይህ ነው። አንድን ሐሳብ ስንፈትን ሐሳቡን ብቻ አንፈትንም። መሣሪያውን፣ ናሙናውን፣ የፈታኙን እጅ ሁሉ አብረን እየፈተንን ነው። ውጤቱ እንደጠበቅነው ካልመጣ ጥፋቱ ከየትኛው እንደሆነ ማጣራት አለብን። «ሐሳቤ ልክ ነው፤ መሣሪያው ነው የተሳሳተው» ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ሰበቡ ራሱ ሊፈተን ይገባል። የኪቱ ጉዳይ ይህን አድርጓል። ተመራማሪዎቹ «ኪቱ ሳይሳሳት አይቀርም» ብለው አልተውትም፤ የተሕዋሲውን ጂን መርምረው የጎደለውን አሳዩ።

በሰማይም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ዩራነስ የምትባለው ፈለክ በኒውተን የስበት ሕግ መሠረት መሄድ በሚገባት መንገድ አልሄደችም። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ለቬርዬ «ሕጉ አልተሳሳተም፤ የምትስባት ያላየናት ሌላ ፈለክ አለች፤ እዚህ ቦታ ፈልጉ» አለ። በ1846 ከበርሊን ተፈለገች፤ ከተጠቆመው ቦታ አጠገብም ተገኘች። ኔፕቱን ናት። ይኸው ሰው የሜርኩሪም መንገድ ሲያስቸግረው በ1859 እንደዚያው ሌላ ፈለክ አለች አለ። ቩልካን ተባለች፤ ዓመታት ሙሉ ተፈለገች፤ የለችም። የሜርኩሪን ነገር የፈታው በ1915 የአንስታይን አዲስ ንድፈ ሐሳብ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ዓይነት ሰበብ፤ አንዱ ሠመረ፣ አንዱ ወደቀ። ሁለቱንም ሳይንስ ያደረጋቸው «እዚህ ፈልጉ» ማለታቸው ነው።

ታዲያ ፈራጁ ማነው? አንድ ሊቅ አይደለም፤ መንግሥትም አይደለም። ማስረጃው በይፋ ተዘርግቶ፣ ሐሳቡን የማይወድ ባለሙያ ሳይቀር የሚመረምርበት አደባባይ ነው። ማስረጃው በዚህ አደባባይ በደንብ ሳይመረመር ሲቀር ምን እንደሚሆን የሚያስተምር አንድ ታሪክ ላንሣ። በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ብዙ ሊቃውንት በሰው አመጣጥ መጀመሪያ ያደገው አንጎል ነው፤ ቀጥ ብሎ መሄድ የመጣው በኋላ ነው ይሉ ነበር። በ1912 እንግሊዝ አገር ፒልትዳውን በሚባል ቦታ ትልቅ የራስ ቅል ከዝንጀሮ መንጋጋ ጋር ተገኘ ተባለና ሐሳቡ ተደገፈ። ቅሉ የሰው፣ መንጋጋው የኦራንጉታን እንደነበር፣ ጥርሱም በሞረድ እንደተሞረደ የተጋለጠው በ1953 ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው እጅ የሠራው አጥንት ሐሳቡን ሲደግፍ ኖረ። በ1974 ደግሞ ከእኛው ሀገር፣ ከአፋር ሐዳር፣ ሉሲ ወይም ድንቅነሽ የተባለችው ቅሪተ አካል ተገኘች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ጉልበቷና የዳሌ አጥንቷ ቀጥ ብላ እንደሄደች ይናገራሉ፤ የዝርያዋ አንጎል ግን ከቺምፓንዚ ብዙም አይበልጥም። «አንጎል ይቀድማል» የሚለው ሐሳብ እንዲህ ባሉ ቅሪቶች መቆሚያ አጣ። ያለፈ ዘመንም ይፈተናል ማለት ነው፤ ገና ያልተቆፈረ መሬት አለና።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ማጠቃለያው ስንመጣ፣ በመጀመሪያ ያነሣነውን ጥያቄ እንመልስ። ሳይንስ ሐሳቡን የሚቀይር ከሆነ በምን እንመነው? መልሱ ይህ ነው፤ የምናምነው የማይሳሳት ስለሆነ አይደለም፤ ሊጥሉት ሞክረው ያልወደቀውን አስቀርቶ ስለሚሰጠን ነው። ዛሬ ማታ አጎበር ሥር የምንተኛው የትንኟ ሐሳብ በኦስቲያ፣ በለንደንና በካፓቾ ሊወድቅ ሲችል ስላልወደቀ ነው። ነገ አንድ ዝርዝር ቢሻሻል አጎበሩ ከንቱ አይሆንም።

ስለ መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ክሎሮኪን ለፋልሲፓረም ጥሩ መድኃኒት ነበር፤ ተሕዋሲው ሲለምደው በሕመምተኞች ላይ ተፈትኖ መድከሙ ታወቀና በ1998 ኢትዮጵያ በፋንሲዳር ተካችው። ፋንሲዳርም ደከመ፤ በ2004 ተራው የኮአርተም ሆነ። ይህን መቀያየር እንደ ውርደት የሚያይ አለ። መድኃኒቱ መድከሙን ሳይፈትኑ ዝም ቢሉ ግን የሚሞተው ሕዝብ ነበር።

የኮአርተም አንዱ ክፍል ደግሞ የተገኘው ቻይናውያን ለዘመናት ለትኩሳት ይጠቀሙበት ከነበረ ቅጠል ነው። ቱ ዩዩ የተባለችው ተመራማሪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቅጠሉን ፈተነችው፤ መጀመሪያ ውጤቱ ይዋዥቅ ነበር። ሙቀት መድኃኒቱን እንደሚያጠፋው ጠርጥራ በዝቅተኛ ሙቀት ስታወጣው በእንስሳት ላይ ያለማወላወል ሠራ። ከዚያ በራሷ ላይ፣ ቀጥሎም በሕመምተኞች ላይ ተሞከረ። በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። እንግዲህ የአባቶች መድኃኒት ከሳይንስ ጋር ጠላት አይደለም። ሁለቱንም የሚዳኘው ፈተናው ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው ገበያ ላይ «ይህ ሥር ወባን ከሥሩ ይነቅላል» ቢላችሁ አትሳደቡ፤ ወዲያውም አትግዙ። ጠይቁት። «ባይሠራ በምን አውቃለሁ? ካልወሰዱት ሰዎች ጋር ተነጻጽሮ ታይቷል? ሳይሠራ የቀረባቸው ሰዎችስ ምን ሆኑ?» በሉት። «አምነህ ካልወሰድከው አይሠራም» ብሎ ከመለሰ፣ ያ ሐሳብ መፈተኛ የለውም። የታመመ ሰው ካለ ደግሞ ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት፤ ኪቱ «የለም» ብሎ ትኩሳቱ ካልበረደ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ጠይቁ።

ተማሪዎችና መምህራን፣ ለሚቀጥለው ዝግጅታችን አንድ የቤት ሥራ አለን። በሰፈራችሁ ስለ ዝናብ፣ ስለ እርሻ፣ ስለ በሽታ የሚነገር አንድ አባባል ምረጡ። ከዚያ ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ «ይህ አባባል ስሕተት ነው የምለው እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ ነው» በሉ። ዓረፍተ ነገሩን መሙላት ካቃታችሁ እሱም ራሱ ውጤት ነው፤ ለምን እንዳቃታችሁ ጻፉልን። የላካችሁትን መርጠን በዝግጅታችን እናነባለን።

ለዛሬ በዚሁ አበቃን።  

(የመዝጊያ ሙዚቃ)